ሳያድር የተሸጠው መስሚያ

ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት ከመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው፣ አይሰለችህም ወይ?» ይለኛል። ነጋዴ ሥራ ሲፈታ እንደ ሞተ ይቆጠራል መሰለኝ፤ የሚጠይቀኝ ሁሉ ሐዘን ቤት እንደ ገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አልሰለቸኝም። ቢቸና አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው ሱቅ ማየት ደስ ይላል። ቢከስር የእኔ አይደለም።

የተማርኩት ሞጣ ገበያ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤትን ደጃፉን አውቀዋለሁ፤ ባትሪ ድንጋይ እሸጥበት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የሸጥኩት የሚናገር ዕቃ ነው፦ መጀመሪያ ራዲዮ፣ ቀጥሎ ቴፕ፣ ከዚያ ሞባይል፣ በመጨረሻም ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ የሚሆን መስሚያ። የሰማ ሁሉ ስለዚህ ስለ መጨረሻው ይጠይቀኛል። ግን እሱን ለመናገር ከሐጂ ኑሩ መጀመር አለብኝ።

ንግድ ያስተማሩኝ ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነበረች፤ ሁለት ገዢ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚከራከረው። ለሶላት ሲሄዱ በሩን አይዘጉም፤ ዱላቸውን ደፉ ላይ አጋድመው ይሄዳሉ። ያችን ዱላ ተሻግሮ የገባ ሰው አላየሁም። ደመወዜን አላነሣውም፤ ለመነሣት የሚበቃ አልነበረም።

ሐጂ ካርቶን አያዩም። አዲስ አበባ ወርደን ዕቃ ስንመርጥ አከፋፋዩ የሚያብረቀርቀውን ሲደረድርላቸው፣ «ልብሱን አውልቅልኝ» ይሉታል። ራዲዮውን ከካርቶን ያወጡና ጀርባውን በካቻቢቴ ከፍተው ሽቦው የተበየደበትን በጥፍራቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። ከዚያ የድምፅ ማዞሪያውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ራዲዮው ሳይከፈት፣ ቀስ ብለው ያዞሩታል። አሸዋ እንደ ገባበት ከተንኮሻኮሸ ዝም ብለው ይመልሱታል። አይሰድቡም። «ለሌላ ሰው ይሁን» ይላሉ፤ አከፋፋዩ ግን ከተሰደበው በላይ ይናደዳል።

ትልቁ ሥርዓታቸው ግን ማሳደር ነበር። ሐጂ ኑሩ በዕለቱ ራዲዮ አይሸጡም። ገበሬው ይመጣል፤ ቤቱ ከዳገቱ ላይ ይሁን ከገደሉ ሥር ይጠይቁታል፤ የሚያውቁትን ሰው ዋስ ያስጠሩታል። ከዚያ ራዲዮውን ያሸክሙትና «ሂድ፣ ቤትህ ይደር። ዕቃውም ቤቱን ይየው» ይሉታል። ሞጣ ገበያ ላይ ጥርት ብሎ የሚናገር ራዲዮ የዓባይ ቆላ ሲወርድ ድዳ እንደሚሆን ያውቃሉ። ገዢው በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ ይመጣል፤ ሽያጩ የሚደረገው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የሐጂ ብልሃት አለች። ተመልሶ የመጣውን ሰው «ተስማማህ ወይ?» ብለው አይጠይቁትም። «የእኛ ሰው አፉ ላይ ይሉኝታ ተቀምጧል» ይሉ ነበር። «ተስማማህ ስትለው እሰይ ይልሃል፤ ቤቱ ሄዶ ይረግምሃል።» ስለዚህ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ «ትናንት ምን አለ?» አንድ የቆላ ገበሬ መጥቶ ራዲዮውን ሲያወድስ፣ ሲያወድስ፣

«ምን አለ ታዲያ ትናንት?» አሉት።

«ኧረ ብዙ ነገር አለ፣ ሐጂ።»

«ለምሳሌ?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና፣ «ሽሽሽ ይላል» አለ። «እንደ ዝናብ ነው። ደስ ይላል።»

ሐጂ አልሳቁም። ራዲዮውን ተቀብለው አንቴናው የረዘመውን ሰጡትና እንደገና እንዲያሳድረው ላኩት።

ወደ ቢቸና የላኩኝም እሳቸው ናቸው። «ዕቃው ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ እኛ ሲመጣ በቢቸና ያልፋል፤ እዚያ ብትቆም ከእኔ በፊት ታየዋለህ» አሉኝ። ተፎካካሪ እያሰማሩ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሞጣ ከቆየሁ ደግሞ ልጃቸውን ለጋብቻ እንደምጠይቅ ገብቷቸው ነበር። ከሁለቱ ቀላሉን መረጡ።

በቢቸና የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ሞባይል ሲመጣ ማሳደርን አልተውኩም፤ ብቻ መልኩን ቀየርኩት። ገበሬው ስልኩን ይዞ አገሩ ይገባና ከደጁ ይደውልልኛል። ድምፁ ከመጣ ተሸጠ። ካልመጣ ስልኩ ይመለሳል። አንዳንዱ ኔትወርክ ፍለጋ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይደውል ነበር፤ በንፋሱ ድምፅ ስለማውቅ «ውረድና ደውል» እለዋለሁ።

ቀጥሎ ያልተመዘገበ ስልክ አይሠራም የሚል መመሪያ ወጣ። ትናንት ሲያወራ የዋለ ስልክ ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት ጠላ ነጋዴ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችና፣ «ታሞብኛል» አለችኝ።

ከፍቼ አየሁት። «ስልክሽስ ጤነኛ ነው። መንግሥት ነው ያላወቀው።»

«አይ» አለች፣ «እኔንስ መቼ አውቆኝ!»

ኮንትሮባንድ ለመከልከል ነው ተባለ። ይሁን። ኮንትሮባንድ የሚያስገባው ሰው ግን በመኪና ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ስልክ የተዘጋባት ጠላ ነጋዴዋ ናት። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። በፊት አንድ ዕቃ ሻጭና ገዢ ከተስማሙበት አለቀ። አሁን ዕቃው ተሸጦም ሦስተኛ ሰው ካልፈቀደለት አይናገርም። የጥንት ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሰማዩስ ታርሷል፤ ይኸው በየተራራው ማማ ተክለውበታል። ሁለተኛው ግን እንዳለ ነው።

በዚያ መሐል የሱቅ በር ሁሉ አንድ ቀለም ይቀባ ተባለ። ክላሰር ያቀፈ ወጣት መጥቶ የእኔን አረንጓዴ በር ገረመመና «ጋሼ፣ ይሄ ግራጫ ይሁን» አለኝ።

«ለምን?»

«ከተማው ወጥ እንዲሆን ነው።»

«ወጥ ከሆነስ ጨው ያንሰዋል» አልኩት። ሳቀና ቀኑን ነገረኝ። ቀባሁ። የገበያ ቀን የገጠር ደንበኞቼ በሬ ጠፍቷቸው ጎረቤቴ ሱቅ ይገቡ ጀመር፤ የጎረቤቴም ወደ እኔ ይመጣሉ። ኪሳራው እኩል ስለ ነበር አልተጣላንም።

ከመንግሥት ይልቅ የባሰብኝ ግን የራሴ ልጅ ነበር። ጀማል አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ይነግዳል። ሱቅ የለው፣ መደርደሪያ የለው፣ ዱላ የሚያጋድምበት በር የለው። ዕቃውን ፎቶ ያነሣል፣ ይለጥፋል፣ ሰው ብር ይልካል። «ዕቃው የታለ?» ስለው «መንገድ ላይ ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አልቀረም፤ ልዩነቱ ዛሬ ለወተቷ አስቀድሞ መከፈሉ ነው።

አሁን ወደ የኔታ ጥበቡ ልምጣ።

የኔታ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተምራሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ቅኔ አላውቅም፤ ያወቅኳቸው በባትሪ ድንጋይ ነው። ከተማ በወጡ ቁጥር ሱቄ ገብተው በርጩማዋ ላይ ያርፋሉ።

«እንድሪስ፣ ዛሬስ ምን ውሸት አመጣህ?»

«ገና በካርቶን ነው፣ የኔታ። አልከፈትኩትም።»

ሥራቸውን ካየሁት ልንገራችሁ። ተማሪው ቀኑን ሙሉ በየዛፉ ሥር እያነበነበ ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራቸዋል። ከቆመ «ይበል!» ይሉታል። ካልቆመ ይጥሉበታል፤ የት ላይ እንደ ወደቀም ያሳዩታል። በወረቀት የሚሰጥ ነገር የለም፤ ሥራው ሁሉ በጆሮ ነው። የእሳቸው ይበል ደግሞ ርካሽ አልነበረም። ተማሪ ያችን አንዲት ቃል ፈልጎ ከወሎ ድረስ በእግሩ ይመጣል።

ጆሯቸው ከዳቸው። መምህር ካልሰማ ተማሪ አይቆይም፤ ተማሪ ካልቆየ ጉባኤው ይታጠፋል። የደብሩ አስተዳዳሪም «የኔታ፣ ቢያርፉስ?» ማለት ጀምረው ነበር። የኔታ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ከዚያ ጉባኤ ቢነሡ የሚያርፉበት ቤት መኖሩን እንጃ።

አዲስ አበባ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አዋጥተው መስሚያ ሊገዙላቸው ተስማሙ። መምረጡን ለእኔ ጣሉት፤ ዕቃ ያውቃል ብለው። እኔም ለጀማል ደወልኩ።

«አግኝቻለሁ፣ አባባ! አምስት ኮከብ አለው።»

«ኮከብ ቆጣሪ ሆንክ እንዴ?»

«የገዙት ሰዎች ናቸው የሰጡት። አስተያየታቸውን ላንብብልህ?»

«የት ያሉ ሰዎች ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ዋሱስ ማን ነው?»

«ዋስ የለም፣ አባባ፤ ሲስተም ነው ያለው። ደግሞ ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም፤ ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ።»

በሐጂ ሱቅ ቢሆን ንግዱ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ግን የኔታ ሌላ ጊዜ አልነበራቸውም፤ እኔም ሌላ የሚሸጥ ሰው አላውቅም። ግዛ አልኩት።

ዕቃው በአይሱዙ መጣ። ገበያ በሌለበት ቀን፣ ከተማው ጭር ባለበት፣ የኔታን በርጩማዋ ላይ አስቀምጬ ከጆሯቸው አገባሁላቸው። ከኋላቸው ሆኜ በለሆሳስ «የኔታ» አልኩ። ዞር አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ።

«ምን ሆኑ?»

«ዝንብ ናት» አሉ። «ስትበር ሰማኋት።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። መርቀውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባገኘኋቸው ቁጥር «ደህና ይሰማል፣ የኔታ?» እላቸዋለሁ፤ «ተመስገን» ይሉኛል። አስቡት፤ ሐጂ አትጠይቅ ያሉኝን ጥያቄ ነው የምጠይቀው።

አንድ ቀን ደስታ ባትሪ ሊገዛ መጣ። ደስታ የየኔታ አስነጋሪ ነው፤ ጀማሪዎቹን እሱ ይሰማና የበሰሉትን ወደ እሳቸው ያሳልፋል። ባትሪውን ተቀብሎ አልሄደም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ የኔታ መልካም ሆነዋል።»

«እሰይ።»

«እሰይ አይደለም። ለሁሉም ይበል ይላሉ። የቅኔው ቤት ለፈረሰበትም፣ ምስጢር ለሌለውም። ባለፈው አንዱ ባለጌ ፊታቸው ቆሞ አፉን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አላወጣም።»

«እሺ?»

«‹ይበል!› አሉት።»

የሱቁን ቁልፍ ከመደርደሪያው አነሣሁ።

«ተማሪው እየሄደ ነው» አለ ደስታ። «ከዚህ የሚገኝ ይበል አሁን ማንም አይፈልገውም።»

በዚያው ቀን አብሬው ሄድኩ። የደብሩን ቅጽር ስንቃረብ ነገሩ ሳይነገረኝ ገባኝ። በየዛፉ ሥር ተማሪ ያነበንባል፤ ወፉ ይንጫጫል፤ ከወፍጮ ቤት የሞተሩ ድምፅ ይመጣል፤ ንፋሱም አለ። መስሚያው ይህን ሁሉ እኩል አጉልቶ ከየኔታ ጆሮ ያፈሰዋል። በእኔ ሱቅ ውስጥ ዝንብ ብቻ ነበረች።

ከጎጇቸው ገብቼ ሰላምታ ካቀረብኩ በኋላ የሐጂን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«የኔታ፣ ከእኔ በፊት የወጣው ተማሪ ምን አለ?»

ብዙ አዩኝ። መስሚያውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አንተ ሸቃጭ» አሉ በመጨረሻ። «ደረስክበት?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ያስተማርኳቸው ልጆቼ ከጉርሳቸው ቀንሰው፣ አንተ ሃይማኖትህ ሳይሆን ደክመህ ያመጣችሁትን፣ አይሰማም ልበል? በምን አፌ?»

ለጀማል ደወልኩ። መፍትሔ አለው አለኝ፦ በስልክ አፕ የአካባቢው ጫጫታ ይቀነሳል፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ድምፅ ይጎላል፤ ቀላል ነው። አፑን ለማውረድ ግን ዳታ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ በዚያን ሰሞን ዳታ ተዘግቷል። የሚመለከተው ሰው ዘንድ ሄጄ መቼ እንደሚከፈት ጠየቅኩት።

«የተዘጋው ለደኅንነታችሁ ነው፣ ጋሼ።»

«የየኔታ ጆሮም የተዘጋው ለደኅንነታችን ነው?»

ሊቆጣ አስቦ ተወው። «እኔስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚስቴ ደብረ ማርቆስ ወልዳ የልጄን ፎቶ አላየሁም።»  እንኳን ማርያም ማረችልህ ብዬው ወጣሁ።

መስሚያውን በሹፌር እጅ ዓባይን አሻግሬ ለጀማል ላክሁት። አስተካክሎ መለሰው። ሲመጣ ጭራሽ ያፏጫል። ለካ የሚስተካከለው ጆሮ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ጆሮው ቢቸና፣ ማስተካከያው አዲስ አበባ። ሻጩን እንዲጠይቅ ነገርኩት። ጀማል በማግስቱ ደውሎ ሻጩ ስሙን ለውጦ ጫማ መሸጥ መጀመሩን አረዳኝ። ኮከቦቹ ግን አምስት እንደሆኑ ናቸው አለ።

ጀማልን አልተቆጣሁትም። እሱ የሸጠው ዘመኑን ነው። ሸቀጥ በምድር ተጉዞ የሚመጣው የሰው ልክ ሳይዝ ነው፤ ልኩን ይይዝ የነበረው መሐል ላይ የቆመው ነጋዴ ነው። አሁን ያ ሰው ትርፍ ነው ተብሎ ተነሥቷል። እኔን ያነሣኝም ሌላ አይደለም፤ ገዢው ሱቄ ይገባና ዕቃዬን ፎቶ አንሥቶ፣ በስልኩ ከሚያየው ጋር አስተያይቶ፣ አመስግኖኝ ይወጣል። መንግሥት በሬን ግራጫ ቀባው፣ ልጄ በሩን ከነጭራሹ አያስፈልግም አለ። ስለዚህ ዘጋሁት። ሲዘጋ በሩ የተቀባ በመሆኑ ለሚቀጥለው ተከራይ ጠቅሟል።

የየኔታ ነገር የተፈታው ግን በእኔም በጀማልም አይደለም። መስሚያው እያፏጨ በመጣ ማግስት ተማሪውን ሁሉ ሰበሰቡ። ደስታ ነው የነገረኝ። መስሚያውን አውልቀው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡትና፣ «ይህን ካደረግሁ ወዲህ ይበል ያልኳችሁ ሁሉ፣ ይበሉን መልሱልኝ» አሉ። «አልሰማሁትም። እንደገና ትነግሩኛላችሁ። ቀኝ ጆሮዬ ገና ጥቂት ቀርቶታል፤ አንድ አንድ እያላችሁ ጠጋ ብላችሁ፣ ዝግ ብላችሁ። መንገድ የቸኮለበት ይሂድ፤ አልቀየመውም።»

የቸኮሉ ሄዱ። የቀሩት ጥቂት ናቸው። አስተዳዳሪው ከአሁን አሁን ጉባኤው ይታጠፋል ብለው ነው የሚጠብቁት፤ ተማሪ እስካለ ግን ላስነሣ አይሉም። የቀሩትም ይቆዩ አይቆዩ ገና አልለየለትም ነበር። መምህሩ በእርግጥ መስማታቸውን የሚያውቅ አልነበረምና።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቅጽሩ ውጪ ባለው ግንብ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከቀሩት አንዱ፣ ከወሎ የመጣ ጢማም ተማሪ፣ ከየኔታ ጎጆ ወጣ፤ ጥርሱ አልተከደነም።

«ይበል አሉህ?» አልኩት።

«ጣሉብኝ!»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«አንድ ስንኝ ሆን ብዬ አበላሽቼ ነው የገባሁት» አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ስነግራቸው እሷ ላይ ስደርስ በዱላቸው ጉልበቴን መቱኝ። እሷ ላይ፣ ጋሼ! ‹ለዚህ ነው ወይ ከወሎ ድረስ የመጣኸው፣ ደንቆሮ!› አሉኝ።»

ጉልበቱን እያሻሸ ጓደኞቹ ወደሚያነበንቡበት ዛፍ ሮጠ። «ጣሉብኝ!» እያለ ይጮኻል፤ እነሱም ቁጭ ያሉበትን ትተው ተነሡ።